ጭራቅ አዳኞቹ ባይኖሩስ?

ማሳሰቢያ፦ «ዘ ዊቸር»ን ሳታዩ የቆያችሁ፣ ልታዩም ያሰባችሁ እዚህ ጋ አቁሙ። ታሪኩን ሳልሰስት ነው የማወራው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ጌራልትና መሰሎቹ ባይኖሩ ያ ዓለም ምን ይጎድልበታል? ንጉሥ አለ፣ ጦር አለ፣ ጠንቋይ በየቤተ መንግሥቱ ሞልቷል። ብቻውን በፈረስ እየዞረ በክፍያ የሚገድል ሰው ለምን አስፈለገ?» በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ወደዚህ አመጣሁት።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ታሪኩ የፖላንዳዊው ደራሲ የአንድሬይ ሳፕኮቭስኪ ነው። የመጀመሪያው አጭር ልብወለድ እ.ኤ.አ. በ1986 ወጣ፣ ኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልሙን በ2019 መጨረሻ ጀመረው። ዊቸር ማለት በልጅነቱ ተወስዶ፣ መርዝና መድኃኒት ተግቶ፣ ጭራቅ እንዲገድል ሰውነቱ የተለወጠ ሰው ነው። ከሚወሰዱት ልጆች ብዙዎቹ እዚያው ፈተናው ላይ ይሞታሉ። የተረፈው በየመንደሩ እየዞረ ሥራ ይለምናል።

የኔ መልስ፦ አዎ፣ ያስፈልጋሉ። ያስፈለጉት ግን ነገሥታቱ ሥራቸውን ስለማይሠሩ ነው።

የመጀመሪያውን ሲዝን ክፍል 3 አስታውሱ። ቴሜሪያ ውስጥ የማዕድን ቆፋሪዎች በሌሊት እየተበሉ ነው። ቤተ መንግሥቱ ነገሩን ሸፋፍኖ ተቀምጧል። ሰዎቹ ቢጨንቃቸው ገንዘብ አዋጥተው አንድ ዊቸር ቀጠሩ፤ ሰውየው ጠፋ። «ብራችንን በልቶ ፈረጠጠ» ተባለ። እሱ ግን ሥራው ላይ ሳለ ተገድሎ፣ ሞቱም ተደብቆ ነበር። ንጉሥና ጦር ያላቸው ሰዎች ለገዛ ነፍሳቸው ጥበቃ ከኪሳቸው ማዋጣት ነበረባቸው! እኔን ከስትሪጋዋ ጥፍር በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ጠንቋዮቹስ? ከአሬቱዛ ተምራ የወጣች የምትመደበው ንጉሥ አጠገብ ነው። መንደር ውስጥ ተመድባ የገበሬ ላም ከአውሬ ስትጠብቅ ያየኋት አንድም የለችም። ለድሃው የተረፈው ዊቸር ብቻ ነው፣ እሱም መክፈል ከቻለ።

ስለዚህ «ጦር አለ፣ ጠንቋይ አለ» የሚለው ክርክር ወረቀት ላይ ያምራል እንጂ መሬት ላይ አይሠራም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ልምጣ። በአማርኛ «አዳኝ» ብለን ስንጽፍ ሁለት ቃል ነው የምንጽፈው። «ዳ» ጠብቆ ከተነበበ አውሬ የሚያድን ነው፤ ላልቶ ከተነበበ ነፍስ የሚያድን። ፊደሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ አፍ ላይ ነው። (ክፍል ውስጥ ስለ መጥበቅና መላላት ሳስተምር ይቺን ምሳሌ ባውቃት ኖሮ ስንት ሰው ከእንቅልፉ ይነቃ ነበር።) የጌራልት ሥራ በሙሉ እዚህች «ዳ» ላይ ያለ ይመስለኛል።

ስትሪጋዋ የንጉሡ የፎልቴስት ልጅ ናት፣ ከገዛ እኅቱ የተወለደች፤ እኅቱን ያፈቅር የነበረ አንድ ባለሟል በቅናት ባመጣው እርግማን ነው እንዲያ የሆነችው። ጌራልት ሰይፉን መዝዞ ሊገላግላት ይችል ነበር። ከዚያ ይልቅ ማን ረገማት፣ ለምን፣ በምን ይፈታል ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ታገላት፤ ራሱን እሷ የምትተኛበት ሣጥን ውስጥ ዘግቶ አነጋ። ሲነጋ ሰው ሆነች። አንገቱ ተዘንጥሎ ለሞት ቀርቦ ነበር። ገድሏት ቢሆን ኖሮ ሥራው በስንት ደቂቃ ያልቅ እንደነበር አስቡት።

ክፍል 2 ላይም ገበሬዎች «ሰይጣን እህላችንን ይሰርቃል» ብለው ቀጠሩት። ሄዶ ሲያይ ሌባው ከመሬታቸው ተባርረው በረሃብ ለሚያልቁ ኤልፎች እህል የሚያመላልስ ፍጡር ነው። ጌራልት ማንንም አልገደለም። ያስኪየር ግን ኤልፎቹን ድል እንደመታ አድርጎ ዘፈን ሠራለት፤ ያ ዘፈን ከፊልሙ ወጥቶ በየስልካችን ገባ። እኔም አንጎራጉሬዋለሁ፣ አልዋሽም፣ ዜማው ይይዛል። ግን የውሸት ማስታወቂያ ነው።

እውነተኛ አውሬ የለም እያልኩ አይደለም። ፊልሙ ራሱ የሚከፈተው ረግረግ ውስጥ ከኪኪሞራ ጋር በሚደረግ ግብግብ ነው፤ ያቺን ቁጭ ብሎ የሚያማክራት የለም።

የኔ ችግር ክፍያው ላይ ነው። በጭራቅ ቁጥር የሚከፈለው ሰው ጭራቅ ሲያልቅ ምን ይበላል? ይሄን ጥያቄ እኔ አልፈጠርኩትም። በ2021 የወጣው «ናይትሜር ኦፍ ዘ ዉልፍ» የተባለው የአኒሜሽን ፊልም በደንብ አድርጎ ያሳያል። ጭራቅ እየቀነሰ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ የቬሰሚር አለቃ ዴግላን ከአንድ ጠንቋይ ጋር ሆኖ አዳዲስ ጭራቅ ያስፈጥር ነበር፣ ሥራ እንዳይጠፋ። ነገሩ ሲታወቅ ሕዝቡ ተነሥቶ ምሽጋቸውን ኬር ሞርኸንን አጠፋው። ያወቀውም ያላወቀውም አብሮ አለቀ። ከተረፉት ጥቂት ልጆች አንዱ ጌራልት ነው።

እና ሁለተኛው ሲዝን ላይ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሽማግሌው ቬሰሚር በሲሪ ደም አዲስ ዊቸር መሥራት እንደሚቻል ሲያውቅ ዓይኑ በራ። ሙያው ሊጠፋ ነው፣ ወንድሞቹ አልቀዋል፣ ይገባኛል፤ እንዲያውም አሳዝኖኛል። ሲሪም «በኔ ላይ ይሞከር» አለች። ልጅቱ ፈርታ ኖራ ደክሟታል፣ ጠንካራ መሆን ነው የምትፈልገው። መርፌው ተዘጋጅቶ ሳለ ጌራልት ደርሶ አስቆመው።

ብዙዎቻችሁ እዚያ ትዕይንት ላይ ከቬሰሚር ጋር እንደቆማችሁ አውቃለሁ፤ «ጭራቁ እየበዛ ነው፣ ታዲያ ማን ይግጠመው?» የምትሉ። እኔ ከጌራልት ጋር ነኝ። ኪኪሞራዋን የሚገድል ሰው ካስፈለገ ፎልቴስት ግምጃ ቤቱን ይክፈት፣ ወታደሮቹን ያሠልጥን፣ ከጠንቋዮቹም አንዷን ወደ ማዕድኑ መንደር ይላክ። የአሥር ዓመት ልጅ መርዝ የሚጠጣበት ምክንያት አይታየኝም።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ኑ። ስለ ሄንሪ ካቪል መልቀቅ ብቻ አታንሱብኝ፣ እሱ ገና አልሻረልኝም።