ኦቾሎኒን በቅጠሉ አንመዝነው

ገበሬ ወገኖች፣

ኦቾሎኒ ወይም ለውዝ በሰኞ ገበያ በጣሳ እየተሰፈረ ሲሸጥ ሁላችንም እናያለን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር የምትጠጋ ደጋ ናት። ብርዱ ለኦቾሎኒ አይስማማውም። ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ በባቲና በከሚሴ በኩል ግን ሙቀት አለ። የዛሬው ነገራችን ለዚያ ለቆላው ገበሬ ነው።

አንዳንዱ ሰው ቅጠሉ ለምለም ሲሆን «ዘንድሮስ ሰመረ» ይላል። ሲነቅለው ግን ቅርፊቱ ባዶ ይሆንበታል። ምነው? ኦቾሎኒ ላይ ያብባል፣ ታች ያፈራል። አበባው ከረገፈ በኋላ እንደ መርፌ የሾለ ቀጭን ዘንግ ወደ መሬት ይወርዳል። ጫፉ አፈር ውስጥ ገብቶ ፍሬ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘባችንን ለዩሪያ ከማውጣታችን በፊት ፍሬው የሚያድርበትን መሬት እናሰናዳ እላለሁ።

ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን የሚባለውን ምግብ ነው። ኦቾሎኒ ደግሞ እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ይህን ምግብ ራሱ ያዘጋጃል። አንድ እግር ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ትንንሽ እባጮች አሉበት። በሽታ አይደለም። በውስጣቸው በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ያቀብላሉ። እባጩ ሲሰበር ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። ዩሪያ ሲበዛበት ይሰንፋል። ታዲያ ቤቱ ያለውን ነገር በብድር የሚገዛ ማን ነው?

ሌሎቹ ምግቦች ግን ከአየር አይመጡም። ፎስፎረስ ከአፈር፣ ከፍግና ከማዳበሪያ ይገኛል። ካልሲየም ደግሞ ልዩ ነገር አለው። ፍሬው ካልሲየም የሚያገኘው በዋናው ሥር በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከዙሪያው አፈር ነው። አሸዋማ አፈር ካልሲየም ቶሎ ያጣል። ያን ጊዜ ቅርፊቱ ያድጋል፣ ውስጡ ግን አይሞላም። መድኃኒቱ በአበባ ጊዜ ከተክሉ ግርጌ የሚበተን ጀሶ ነው። መጠኑን የግብርና ባለሙያ አፈራችሁን አይቶ ይንገራችሁ።

አሁን ወደ አዘራሩ እንምጣ። በመስመር መካከል 60 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ሦስት ስንዝር ያህል ይሁን። በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ግማሽ ስንዝር ያህል ይበቃል። «በመስመር መዝራት ጉልበት ይፈጃል፣ ብተና ይሻላል» የሚል አለ። ጉልበት መፍጀቱ እውነት ነው። ነገር ግን በብተና ማሳ መኮትኮቻው መንገድ የለውም፤ ተክሉን ይቆርጣል። በመስመር ከሆነ ዘንጉ መሬት ሳይነካ ኩትኮታውን እንጨርሳለን። ዘንጉ አፈር ከገባ በኋላ አፈሩን ማናወጥ ፍሬውን መግደል ነው፤ ያኔ አረሙን በእጅ እንንቀል። ተክሉ በጣም ከተራራቀም መሬቱ ይራቆታል፣ አረም ይወርሰዋል፣ በሽታ የሚያመጣ ክሽክሽም ይበዛል።

በተዳፋት ላይ መስመሩ ዳገቱን አቋርጦ ይሂድ፤ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስድ። በሜዳው ጥቁር መሬት ደግሞ ውኃ ይተኛል፣ ሲደርቅም አፈሩ ፍሬውን ጨብጦ ያስቀረዋል። ቀለል ያለ አፈር እንምረጥ። የሐረርጌዎቹ ባቢሌና ጉርሱም በኦቾሎኒ የታወቁት አሸዋማ መሬታቸው ስለሚመቸው ነው። በየዓመቱም እዚያው ማሳ ላይ ደግመን አንዝራ፤ ከማሽላ ጋር እናፈራርቀው።

ወገኖች፣ ከመልቀም በፊት ከማሳው መሐልና ዳር ጥቂት እግር ንቀሉ። የሞላውንና ባዶውን ፍሬ ቁጠሩ። ቁጥሩን በደብተር ጻፉት፤ የማሳውን ስምና ዓመቱንም ጨምሩ። ማንበብና መጻፍ የቻለ ገበሬ በከርሞው ዘር ጊዜ ደብተሩን ይጠይቃል እንጂ በግምት አይዘራም።