ሻፌታ የመረጠም ጎጆ የመረጠም አገር ወዳድ ነው



ህዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በየምርጫ ጣቢያው የተሰለፈው ህዝብ የቀረበለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ወይስ በደቡብ ክልል ሥር ይቀጥል? ክልልነትን የደገፈ የሻፌታን ምልክት፣ በነበረበት ይቀጥል ያለ የጎጆን ምልክት መረጠ። ምርጫ ቦርድ ባስታወቀው ውጤት መሠረት 2,225,249 ሰዎች ለሻፌታ፣ 33,463 ሰዎች ደግሞ ለጎጆ ድምፃቸውን ሰጡ፤ 98.51 በመቶ ለ1.48 በመቶ ማለት ነው። ፓርቲያችን ይህን ውጤት ያለ ማንገራገር ይቀበላል። የማንቀበለው ከውጤቱ በኋላ ለድምፁ የተሰጠውን ትርጉም ነው።

በአንድ በኩል፣ ከሩቅ ሆነው የተመለከቱን አንዳንድ ወገኖች “ሻፌታን የመረጠ ኢትዮጵያን የማይወድ ነው” አሉ። በሌላ በኩል፣ እዚሁ እኛው መሀል “ጎጆን የመረጠ የሲዳማ ጠላት ነው” የሚሉ ተነሡ። ሁለቱ እርስ በርስ የሚጠላሉ ይመስላሉ እንጂ የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የአገር ፍቅር መለኪያ አድርገውታል።

ለመጀመሪያዎቹ መልሳችን ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 47 በክልሎች ውስጥ ያሉ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ህዝቦች በማንኛውም ጊዜ የየራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሥርዓቱንም ያስቀምጣል። ጥያቄው በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቃል፤ በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፤ ምክር ቤቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ህዝበ ውሳኔ ያደራጃል። አዲሱ ክልል የሚገባው ወዴት ነው? ወደዚያው ወደ ፌዴሬሽኑ ነው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደው ህዝበ ውሳኔ ነፃ አገር ስለመሆን ነበር። የሲዳማው ግን በኢትዮጵያ ውስጥ በምን ዓይነት አስተዳደር እንኑር የሚል ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች መለየት ያቃተው ሰው ስለ አገር አንድነት ሊያስተምረን አይችልም።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። የዞኑ ምክር ቤት ጥያቄውን ያጸደቀው ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። አንድ ዓመት ሞላ፤ ህዝበ ውሳኔው አልተካሄደም። ወጣቱ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማለትም 11/11/11 ብሎ የሰየመውን ቀን፣ ክልልነት የሚታወጅበት ቀን አድርጎ ቆረጠ። ቀኑ ሲደርስና በተከታዮቹ ቀናት በሐዋሳና በሲዳማ ወረዳዎች ደም ፈሰሰ፤ በርካታ ሰዎች ሞቱ፤ የሲዳማ ተወላጅ ያልሆኑ ነዋሪዎች ቤትና ሱቅ ተቃጠለ። ጥቃት ያደረሰ ሁሉ በስሙ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ብሶት ለወንጀል ምክንያት አይሆንም። ነገር ግን ሕግ የቆረጠውን የአንድ ዓመት ጊዜ ያሳለፈው ወጣቱ አይደለም፤ መንግሥት ነው። ህዝበ ውሳኔው ከአራት ወር በኋላ በሰላም መካሄድ ከቻለ፣ ሰው ከመሞቱ በፊት ለምን አልተካሄደም? ይህች ከተማ ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሎቄ ለተቃውሞ በወጡ ሰዎች ላይ የተተኮሰውን ጥይት የምታስታውስ ናት። ያኔም ጉዳዩ የሐዋሳ አስተዳደር ነበር።

ወደ ሁለተኛዎቹ እንመለስ። ድምፅ ምስጢር ነው። 33,463ቱ እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፤ ማወቅም አይገባም። ነገር ግን በስምና በአፍ መፍቻ ቋንቋ እየተገመተ፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ከምባታው “አንተ ጎጆ ነህ” ሲባል ሰምተናል። ይህ ሰው ሐዋሳ የተወለደ ሊሆን ይችላል። አባቱ ከተማዋ በተቆረቆረችበት ዘመን መጥቶ ጭቃ ቤት የሠራ ሊሆን ይችላል። የመጣው ትናንት ቢሆንስ? አንቀጽ 32 በመረጠበት የአገሪቱ ክፍል የመኖር፣ አንቀጽ 41 በማናቸውም የአገሪቱ ክፍል ሠርቶ የመብላት መብት ሰጥቶታል። ምርጫ ቦርድ ራሱ ከህዝበ ውሳኔው በፊት የሐዋሳና የሌሎች ነዋሪዎች መብት በሕግ እንዲረጋገጥ መጠየቁ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይህን የሚሉት የሲዳማን ባህል አናስከብራለን እያሉ ነው። እኛ የምናውቀው የሲዳማ ባህል ሌላ ነው። ሽማግሌው በሶንጎ ተቀምጦ ከመፍረዱ በፊት “አፊኒ” ይላል፤ ሁሉም ሰምቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ከሐላሌ የራቀ ፍርድ ፍርድ አይባልም። በፊቼ ጨምበላላ ቀን ጉዱማሌ ላይ “አይዴ ጨምበላላ” ለሚል እንግዳ መታወቂያ አይጠየቅም።

ገዢው ፓርቲስ በዚህ ሁሉ መሀል የት ነበር? ህዝቡ ራሱን በራሱ ለማስተዳደር ድምፅ በሰጠ በማግስቱ፣ የኢህአዴግ ምክር ቤት አዲስ አበባ ተቀምጦ ግንባሩን ወደ አንድ ወጥ ፓርቲ የሚቀይረውን ውህደት አጸደቀ! ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ሥልጣን ለአዲሱ ክልል ሲተላለፍ የወንበሩ ስም ተለወጠ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ፓርቲ ግን ያው ነው። የደቡብ ክልልም በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ተከፋፍሎ አበቃለት። መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሄዱ፣ በመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ይተዳደር የነበረው የሐዋሳ ምግብ ቤትና ቤት አከራይ፣ ሲዳማም ሆነ ሌላ፣ እኩል ተጎዳ። ጎጆ የሚባል ምርጫ ዛሬ የለም። የሚመለሱበት ክልልም የለም። እንግዲያውስ በአንድ የከሰመ ምልክት ስም ሰውን መፈረጅ ማንን ይጠቅማል? የሥራ ዕጦቱንና የመሬት አስተዳደሩን ብልሹነት እንዳንጠይቅ የሚፈልገውን ይጠቅማል።

ፓርቲያችን ክልሉን መልሶ ለማፍረስ አይወዳደርም፤ እንዲህ የሚል ወሬ ከሰማችሁ ውሸት ነው። ብንመረጥ በከተማችን የቀበሌ መታወቂያና በሥራ ማመልከቻ ቅጽ ላይ “ብሔር” የሚለው ረድፍ እንዲወጣ እናደርጋለን። የፋይዳ መታወቂያ ያለዚህ ረድፍ ይሠራል፤ የቀበሌውም ሊሠራ ይችላል። ሲዳሙ አፎ የክልሉ የሥራ ቋንቋነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በሐዋሳ የአገልግሎት መስኮቶች ሁሉ በአማርኛ የሚጠይቅ ነዋሪ በአማርኛ እንዲስተናገድ በደንብ እንደነግጋለን። የ11/11/11 ተጎጂዎች፣ የሞተባቸውም ንብረታቸው የተቃጠለባቸውም፣ በስም ተመዝግበው ካሳ የሚያገኙበትን ረቂቅ ለክልሉ ምክር ቤት እናቀርባለን።

በየሰፈራችሁ ለቅስቀሳ የሚመጣውን ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጭምር፣ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ጠይቁት። መልሱንም በጽሑፍ ይስጣችሁ።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ
ሐዋሳ