ብርድ አገር ለሚሄዱ ልጆቻችን

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናትና ስለ ቤት ማሞቂያ የሚጨነቅ የለም። ለትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄዱ ልጆቻችን ግን 2,800 ሜትር ያህል ላይ ያድራሉ። ብርዱ ሲጠናባቸው ጠባብ ክፍላቸውን ዘግተው ከሰል የሚያቀጣጥሉ አሉ።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ፍሙ መጨሱን ቢተውም ጋዙ አይቋረጥም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ እንቅልፍ የወሰደው ግን ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

በኢንፍራሬድ ጨረር የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንም ስለማያነድ ይህን ጋዝ አያወጣም። ከአየሩ ይልቅ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ስለሚያሞቅ ለአንድ ተማሪ 1,000 ዋት ይበቃል። የ2,000 ዋቱ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አይሰካም። ከመጋረጃና ከአልጋም አንድ ሜትር ይራቅ።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ በቤታችን እሳት እንዳንተው አዘውናል። ማሞቂያውም ከመኝታ በፊት ይጥፋ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ስትሸኙ ከስንቁ ጋር ወፍራም ብርድ ልብስ ጨምሩለት፤ የከሰሉንም ነገር አደራ በሉት።