ከዘሩ በፊት ጥርሱን እዩ

ክረምቱ ሲጋመስ አምባሰል ውስጥ የፈረስና የበቅሎ ወሬ ይበዛል። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ዘመድ ይመጣል፤ ደብረ ከርቤን ሊሳለም የሚወጣው ሕዝብ አቀበቱን ይሞላዋል። እናቱን በእግሯ ማስኬድ የከበደው፣ ለልጆቹም የአያቶቻቸውን አገር በደንብ ሊያሳያቸው የጓጓ ሰው ታዲያ «ለቤተሰቡ ፈረስ ልግዛ» ይላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ፈረስ ከሰርጉም ከለቅሶውም እየራቀ፣ ጋሪ ጎታች ብቻ እየሆነ በመጣበት ጊዜ አንድ ቤተሰብ ፈረስ አሳድጋለሁ ሲል ደስ ይለኛል። የሚያስጨንቀኝ ግን አገዛዙ ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ደወለልኝ። ደላላ አንድ ለጋ ፈረስ አግኝቶለታል፤ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦራ አለበት፣ «የዐረብ ዘር» ነው፣ ከልጆቹም ጋር አብሮ ያድጋል። የተጠራው ዋጋ ከአገሩ ፈረስ እጥፍ ነው። ቀብድ ሳይከፍል ሄጄ እንዳይለት ለመነኝ። ብቻዬን መሄድ አልፈለግሁም። ዕድሜያቸውን በጋማ ከብት ንግድ ያሳለፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» የሚላቸው ጎረቤት አሉን፤ እሳቸውን ይዤ ወጣሁ።

መቼም «የዐረብ ዘር» የሚለው ነገር በገበያችን የዋጋ መስቀያ ሆኗል። እውነተኛው የዐረብ ፈረስ ዝናው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጫንቃው ላይ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ145 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር ይቆማል፤ ግንባሩ ሰፊ፣ አፍንጫው መሃል ላይ ገባ ያለ፣ ጀርባው አጭር ነው፤ ሲሮጥ ጭራውን ሰቅሎ ነው። በረጅም መንገድ ጽናት የሚወዳደረው ዘር የለም ማለት ይቻላል። ነገር ቶሎ ይገባዋል፤ ያንኑ ያህል ቶሎ ይደነግጣል፣ የደረሰበትንም በደል አይረሳም። ነገር ግን ዘሩ የተረጋገጠ የዐረብ ፈረስ የእናትና የአባቱ ስም የሰፈረበት ወረቀት አለው፤ መዝገብ ውስጥ የገባና በደም ወይም በጋማ ፀጉር ምርመራ የሚጣራ ነው። ያ ወረቀት ከሌለ የቀረው የደላላው ቃል ብቻ ነው፤ ለቃል ደግሞ እጥፍ አይከፈልም።

የእኛስ ፈረስ ምን ጎደለው? አጥኚዎች የሰላሌውን፣ የባሌውን፣ የቦረናውን፣ የከፋውን፣ የሆሮውን፣ የኦጋዴኑን፣ የቁንዱዶውን የዱር ፈረስና የሰሜኑን ደጋ ፈረስ እያንዳንዱን ለይተው መዝግበዋል። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመተው በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ የሚባሉት የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ስሙን ያስጠራው ይኸው ደጋ ባበቀለው ፈረስ ነው። አገው ምድር ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በአገሩ ፈረስ ነው። ትንሽ ቁመት፣ ድንጋይ የለመደ ኮቴና ቁጥብ ሆድ ለአምባሰል ተራራ ጉድለት አይደሉም።

ወደ ባለፈረሱ ግቢ ስንደርስ ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ ግላስ ለብሶ፣ ጋማው ተበጥሮ ጠበቀን። ማማሩን አልክድም፤ እኔም ልቤ ደንገጥ ብሏል። አባባ ግን ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «ኮርቻውን አውርዱልኝ» አሉ።

«ይፈተንላችሁ ብለን እኮ ነው የጫንነው፣ አባባ» አለ ደላላው።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ራቁቱን ነው የማየው።»

ኮርቻው ሲወርድ መዳፋቸውን ከጫንቃው ጀምረው እስከ ዳሌው ድረስ ቀስ ብለው አስኬዱት። ኮርቻ ከሚሸፍናቸው ነገሮች ዋናው ገጣባ ነው። ቁስሉ ድኖ እንኳ ቢሆን በዳማ ጀርባ ላይ ነጭ ፀጉር አብቅሎ ይቀራል፤ ፈረሱም ቦታው ሲነካ ጀርባውን ያጎነብሳል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል። የዚህ ፈረስ ጀርባ ንጹሕ ነበር፤ ለካስ ገና ብዙም አልተጫነም።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ።

«አራት ሞልቶታል፣ አምስትን ይዟል።»

አባባ በአንድ እጃቸው ልጓሙን ያዙ፤ በሌላው እጃቸው አውራ ጣት የታችኛውን ከንፈር ገለጡና ጠሩኝ። ፊት ለፊት ያሉት ስድስቱም የታች ጥርሶች ትናንሽና ነጫጭ ነበሩ፤ ድድ ላይ ሲደርሱ አንገት እንዳለው ነገር ቀጠን ይላሉ። የወተት ጥርሶች ናቸው። ፈረስ መሃለኞቹን ሁለት የሚለውጠው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው፤ ቀጥለው ያሉትን በሦስት ተኩል፣ የዳርና ዳሮቹን በአራት ተኩል ይለውጣል፤ በአምስት ዓመቱ አፉ ሙሉ ይሆናል። አዲስ የወጣው ጥርስ ሰፊና ቢጫ መሰል ስለሆነ ካንዴ በላይ ያየው ሰው አይሳሳተውም። ባለአራት ዓመት የተባለው ፈረስ አንድም ጥርስ አልለወጠም። ሁለት ዓመቱን ቢያልፍ ጥቂት ነው።

ይህን ልዩነት እንደ ተራ የገበያ ውሸት አትዩት። የሁለት ዓመት ፈረስ ቁመቱ ጎረምሳ ቢመስልም አጥንቱ ገና ልጅ ነው። የጉልበቱ አጥንት መግጠሙን የሚጨርሰው በዚያው ዕድሜ ገደማ ነው፤ የጀርባው አከርካሪ ግን እስከ አምስት ዓመቱና ከዚያም በላይ ይቆያል። ዘግይተው ይበስላሉ ከሚባሉት ዘሮች አንዱ ደግሞ ያው የዐረቡ ፈረስ ነው፤ ደላላው ያለው እውነት ቢሆን ኖሮ የበለጠ መጠበቅ ነበረብን ማለት ነው። ትልቅ ሰው ዛሬ ቢቀመጥበት ፈረሱ ይሸከማል፤ ይሄዳልም። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ «ሰነፍ ሆነ» ተብሎ ይገረፋል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ እንስሳው ሰነፍ ሳይሆን ጀርባው የሚያመው ነውና።

የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ነበር። ከጫንቃው ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ስለካው 140 ሴንቲ ሜትር፣ ከወርቹ ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ደግሞ 125 ሆነ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የደረቱ ዙሪያ በራሱ ይባዛል፣ በርዝመቱ ይባዛል፣ ለ11,880 ይካፈላል። 206 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ለአዋቂ ፈረስ የሚመከረው ጭነት ከነኮርቻው የክብደቱ አንድ አምስተኛ ነው፤ ይህ ለጋ እንደ አዋቂ ቢቆጠር እንኳ ድርሻው 41 ኪሎ ነው። የአክስቴ ልጅ ያለ ኮርቻውም ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ እናቱም እንዲሁ። ባለገር ከዚህ በላይ እየጫነ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ግድ ሆኖበት ነው። ለደስታው ፈረስ የሚገዛ ሰው ግን ያ ግድ የለበትም።

ደላላው ፊቱ ሲጠቁር አይቼ ፈተናው ያበቃ መስሎኝ ነበር። የባለፈረሱ ልጅ ግን ዘሎ ወጣና «ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው!» ብሎ ሽምጥ አስጋለበው። ያምራል፤ ግን ግልቢያ ብዙ ነገር ይደብቃል። እግሩን የታመመ ፈረስ የሚታወቀው በሶምሶማ ነው። ጠንካራ መሬት ላይ፣ ልቅ በሆነ ገመድ ሲመራ የታመመው የፊት እግር መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ወደ ላይ ይነቀንቃል። አባባ ሶምሶማውን አዩ፤ ከዚያም ድንጋያማውን ቁልቁለት አስወረዱት። አራቱንም እግሮች አንድ በአንድ አስነስተው ኮቴውን ሥር ሥሩን በእንጨት ጠረጉ፤ አሸተቱም። የበሰበሰ ሽታ ካለ፣ ግድግዳው ከተሰነጠቀ፣ አንዱ ኮቴ ከሌላው ሞቆ ከተገኘ ችግር አለ። ኮቴው ደህና ነበር። ትንፋሹንም በሽንጡ ቆጠርን፤ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከሩጫ በኋላ ቀስ በቀስ ወደዚያ መመለስ አለበት፤ ማሳልም ማፏጨትም የለበትም። ይህንንም አለፈ።

የወደቀው በጠባይ ነው። አባባ ነጠላቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ዘረጉት። ፈረሱ ወደ ኋላ ተሰፈነጠረና ገመዱን ይዞ ልጁን ጎተተው። ሁሉም ፈረስ ይደነግጣል፤ መታየት ያለበት ከድንጋጤው በኋላ የሚያደርገው ነው። ጥሩው ፈረስ ደንግጦ ይቆማል፣ ጆሮውን ቀስሮ ያያል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጥቶ ያሸታል። ይህኛው ነጠላው መሬት ላይ ከተጣለም በኋላ ዓይኑ ነጩ እየታየ ይዞር ነበር። «ደም አለው» አለ ደላላው በኩራት። ለጉግስ ሜዳ ይሁን እሺ። መስከረም 21 ቀን ግን ግሸን ላይ ከበሮ አለ፣ እልልታ አለ፣ ሺህ ዣንጥላ ይዘረጋል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። አምባው በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች እንዳያመልጡ ይጠበቁበት የነበረ ስፍራ ነው። እዚያ ላይ የሚበረግግ ፈረስ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ማስቀመጥን አስቡት።

ከቤቱ ሄዶ ማየቱ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። ገበያ የወጣ ፈረስ ብዙ መንገድ ተነድቶ፣ ደክሞና ተጠምቶ ስለሚደርስ ጨዋ ይመስላል። ማለዳ በግቢው፣ ጠግቦ አድሮ ሲታይ ነው እውነተኛ ጠባዩ የሚወጣው። ሲያዝ እንዴት እንደሚሆን፣ ከሌሎች ከብቶች ሲለይ ይጮህ እንደሆነ፣ ኮርቻ ሲቀርብለት ይነክስ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ማታውኑ ደወልኩለት። «ልጆቹ አብረውት ያድጋሉ ብዬ ነበር እኮ» አለኝ አዝኖ። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህች ሐሳብ ነው። ከብት ሲጠብቅ የፈረስ ጀርባ ላይ ያደገ የገጠር ልጅ ለጋውን ይገራው ይሆናል። ልጓም ይዞ የማያውቅ የከተማ ልጅና ሰው ተሸክሞ የማያውቅ ፈረስ ሲገናኙ ግን የሚያስተምር የለም፤ ሁለቱም ይፈራራሉ፣ አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ይሸጣል። ለልጆቹ ከስምንት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት የሆናት፣ ገበያና ሰርግ የለመደች ባዝራ ወይም ሰንጋ ፈረስ፣ ለአክስቴ ደግሞ ሰጋር በቅሎ እንዲፈልግ መከርኩት። አቀበትና ገደል ላይ በቅሎ እግሯን የምታሳርፍበትን ታውቃለች፤ ስግሪያዋም ወገብ አይቆርጥም። ለጋውን ከወደደው ይግዛው፤ ግን በዋጋው በግማሹ፣ አራት ዓመት እስኪሞላው ሳይጫን፣ ጥሩ ገሪ እየመራውና እየዳሰሰው የሚያሳድግለት ካገኘ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እግረ መንገዴን ላንሳ፤ እርካብ። አባቶቻችን በባዶ እግር በአውራ ጣታቸው ብቻ የሚይዙት ትንሽ እርካብ ቢወድቁ እግር አይዝም። ዛሬ ልጆች ሸራ ጫማ አድርገው ጠባብ እርካብ ውስጥ እግራቸውን እስከ ተረከዝ ይከታሉ፤ ፈረሱ ቢበረግግ ይጎተታሉ። እርካቡ ከጫማው ሰፋ ይበል፤ ራሳቸውም ላይ የሞተር ሄልሜትም ቢሆን ይደረግላቸው።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ጤናው ነው። ክረምቱ ሲወጣ ትንኝ ይበዛል፤ ትንኟ የምታስተላልፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታም የሚበረታው በዚያው ወቅት ነው። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፣ ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል፤ የያዘው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። በቅሎ ትንሽ ትቋቋመዋለች፣ አህያ ላይ እምብዛም አይታይም። በእግርና በአንገት ላይ ተሰድሮ የሚወጣ፣ እየፈረጠ የሚያመግል እባጭ ያለበትን ፈረስ ደግሞ በምንም ዋጋ አትግዙ፤ በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው፤ በኮርቻና በመታጠቂያ ወደ ሌላው ከብት ይሻገራል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም እዚሁ አገራችን ይመረታል። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ የወረዳችሁም የእንስሳት ሐኪም ፈረሱን ከመግዛታችሁ በፊት እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ክትባቱ መከላከያ እስኪያበጅ ሳምንታት ይፈልጋልና፣ ለመስከረም 21 ፈረስ ወይም በቅሎ ያሰባችሁ ሁሉ መስከረምን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ አስከትቡ።