ለሁሉም የሚሆን መፍቻ ለማንም አይሆንም

«ጋዜጠኝነት ተምሮ ስለ መፍቻ መጻፍ!» የምትሉ አትጠፉም። በሉ፣ ግድ የለም። ስለ ብስክሌት መንገዱ ሁሉም ጽፏል፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ስፋቱ፣ ማን እንደመረቀው ሳይቀር። መንገዱ ላይ ስለሚሽከረከረው ነገር ግን የሚያነሳ የለም። ስለዚህ እኔ ዛሬ የምሟገተው ከመዳፍ ስለማትበልጥ አንዲት ብረት ነው፤ ስለ ሽቦ መፍቻ።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። የብስክሌት ቸርኬ ከመሀሉ ጋር የተያያዘው በቀጫጭን ሽቦዎች ነው፤ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 36 ናቸው። እያንዳንዱ ሽቦ ቸርኬው ጋ ሲደርስ ጫፉ ላይ አራት ጎን ያላት ትንሽ ዳዶ አለች። ዳዶዋ ስትዞር ሽቦው ይወጠራል ወይም ይላላል። መፍቻዋ የምትይዘው ይህችን ዳዶ ነው። (ስሟ መፍቻ ይሁን እንጂ ዋና ሥራዋ ማጥበቅ ነው። አማርኛችን አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።)

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ። ከጉርድ ሾላ ጀምራችሁ በየመንገዱ ዳር ብስክሌት የሚጠግኑ ልጆች ጋ ብትቆሙ፣ እጃቸው ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ዙሪያዋን ብዙ ጥርስ ያላት፣ «ለሁሉም ቁጥር ትሆናለች» ተብላ የምትሸጠው ክብ መፍቻ ናት፤ ወይ ደግሞ ፒንሳ። እኔ ሁለቱንም እከሳለሁ።

ክሱ ይኸውና። የዳዶዋ ጎን በብዛት 3.23፣ 3.30 ወይም 3.45 ሚሊ ሜትር ነው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት 0.22 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። «ይህችማ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ሁሉም ነገር ያለው እሷ ላይ ነው! የሰፋ ጥርስ ዳዶዋን በጎኗ ሳይሆን በጠርዟ ይይዛታል። ሽቦው ከላላ ይህም ያስኬዳል። በደንብ የተወጠረ ሽቦ ግን እስከ 100 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ይሸከማል፤ ያን ጊዜ የሰፋው መፍቻ ይንሸራተትና ጠርዟን ይልጠዋል። የተላጠች ዳዶ ደግሞ ለፒንሳ ትሰጣለች፣ ፒንሳው የቀረውን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያ ሽቦ አይጠብቅም፣ አይላላም፤ እንደተገተረ ይቀራል።

ውጤቱ አንድ ሽቦ ላይ አያበቃም። የላላው ሽቦ ጎማው በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦ በእጃችሁ ስትሰብሩ እንዴት ነበር የምታደርጉት? እያጠፋችሁ፣ እየዘረጋችሁ አይደል? እሱም ልክ እንደዚያው ነው የሚሰበረው። የሱ ሸክም ወደ ጎረቤቶቹ ይሄዳል፣ ቸርኬው እንደ ሰካራም መንገዳገድ ይጀምራል፣ ፍሬኑ አንዴ ይነካል አንዴ ይስታል። እንዲህ ባለ ጎማ ከእንጦጦ ወደ ታች የሚወርድ ልጅ አስቡ። እንዲህ ባለ ጎማ ምግብ ጭኖ ከመኪና ጋር የሚጋፋ ወጣት አስቡ። ነገሩ የመፍቻ ብቻ መስሏችሁ ነበር?

«ልምድ ያለው እጅ በፒንሳም ይሠራል» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ጀግንነት ይመስላል፤ ግን ውሸት ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ሽቦውን እንደ ክራር ጅማት እየነካካ፣ በአንድ ወገን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ ሩብ ሩብ ዙር እያለ ነው የሚያስተካክለው። የሚንሸራተት መሣሪያ የያዘ እጅ ሩብ ዙር ማዞሩን በምን ያውቃል? ልምዱን የሚበላበት መፍቻው ራሱ ነው።

«ውድ ነው» የሚሉም አሉ። ከምን አንጻር? ከቸርኬ? ከ36 ዳዶ? ከጥርስ ሐኪም? ጥሩ መፍቻ ጠንካራ ብረት ላይ በልክ የተቆረጠ ክፍተት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ምናለሽ ተራ ከውዳቂ ብረት ስንት ዕቃ የሚያወጡ እጆች ባሉበት አገር፣ ዳዶዋን ለክቶ በሞረድ አንድ ክፍተት ማውጣት ያቅተናል አትበሉኝ።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ጠጋኙን እየወቀስኩ አይደለም። የያዘው ገበያው ያቀረበለትን ነው። የምወቅሰው ብስክሌት በኮንቴይነር አስገብቶ መፍቻውን የሚረሳውን ነጋዴ ነው። የምወቅሰው ጥገናን ከወጪ የማይቆጥረውን ልማዳችንን ነው። ጉርድ ሾላን አቋርጦ የሚያልፈውን ቀላል ባቡር እዩት። በ2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ሥራ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. አብዛኞቹ በመለዋወጫና በጥገና ችግር ቆመው ነበር። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብለን ጎዳና ዘግተን ብስክሌት ነዳን፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ሠራን። እሰየው! ግን መስመር የሚቀባ ከተማ የሚጠግን እጅ ካላስታጠቀ፣ መስመሩ የተበላሹ ብስክሌቶች መግፊያ ነው የሚሆነው።

እንግዲህ መፍቻ የምትገዙ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። አንድ ቁጥር ያላትን ግዙ። ካሊፐር ካላችሁ ዳዶዋን ለኩ፤ ከሌላችሁ ከጠባቧ ጀምራችሁ ሞክሩ፣ ሳትገፉ የምትገባውን የመጀመሪያዋን ውሰዱ። ዳዶዋ ላይ አስገብታችሁ ነቅንቁ፤ ከተንቀጠቀጠች መልሷት። ፓርክ ቱል የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በቀለም ለይቶታል፦ ጥቁር 3.23፣ አረንጓዴ 3.30፣ ቀይ 3.45። ዳዶዋን በሁለት ጎን ብቻ ሳይሆን አራቱም ጠርዟ ላይ የምትይዝ ከተገኘች ደግሞ እሷ ትበልጣለች። ቸርኬ ከባዶው የሚሠራ ሰው በመቶዎች ጊዜ ስለሚያዞራት፣ እጀታዋ መዳፍ የማይቆርጥ ይሁን።

የማትገዙም ብትሆኑ ሥራ አላችሁ። ብስክሌታችሁን ለጥገና ስትሰጡ «ስንት ብር?» ከማለታችሁ በፊት «መፍቻህ ስንት ቁጥር ናት?» በሉ። ፒንሳ ካነሳ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በልክ የሆነች መፍቻ ካወጣ ግን አትከራከሩት፤ የጠየቃችሁን ክፈሉ።