ገመዱን ማን ይያዝላችሁ?

ፈረንጆች የተርኪ አደን ሰሞን ሲደርስ «ጥሩ የአደን ጓደኛ እንዴት ይመረጣል?» እያሉ ይመካከራሉ። ዝም ማለት የሚችል፣ ሌሊት ሲቀሰቅሱት የማያኮርፍ፣ አፈሙዙን ወደ ጓደኛው የማያዞር... አይከፋም! ጥይት ባለበት ቦታ የጓደኛ ምርጫ ቀልድ አይደለም።

እኛ አገር ጫካ ውስጥ ተርኪ የለም። ጅግራና ቆቅ ሞልቷል፤ ግን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ይዘን ወደ ከፋ፣ ወደ ቦንጋ ዙሪያ እንሂድ። እዚያ ሰውን በሰው እጅ ላይ የሚጥለው ሥራ የጫካ ማር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባህላዊው ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ገተምና ብሳና አብበው ሲጨርሱ ማሩ ይደርሳል፤ የገተሙ ነጭ ነው። ቆራጩ ጭስ ይዞ በገመድ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ሲመሽ። ታች ያለው ጓደኛው ገመዱን ይይዛል፣ የወረደውን ማር ይቀበላል። ንብ ስትነድፈው ገመዱን ለቆ የሚሮጥ ሰው ከሆነስ? እንግዲህ በጓደኝነት የሚቀለድበት ቦታ አይደለም። እዚያ ላይ ዘመዱ ማን ነው፣ ምን ይበላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያለ አይመስላችሁም፤ አይደል?

አለ እንጂ! ማንጆዎችን አስቡ። ለዘመናት በአደንና በጫካ ኑሮ የታወቁ ናቸው። በከፋ ንጉሥ ዘመን የአገሩን በሮች ይጠብቁ ነበር። የአገር በር የሚታመን ሰው ግን ማዕድ ላይ አይታመንም ነበር። ምክንያቱ «ጉሬዛና ከርከሮ ይበላሉ» የሚል ነው። ብዙዎቹ ክርስትናን ተቀብለው ያንን ሥጋ ከተዉ በኋላም አብሮ መብላቱና መጋባቱ እንደተከለከለ ቆየ። ታዲያ ችግሩ ሥጋው ነበር? አይመስለንም። ሥጋው ቢሆን ኖሮ ሲተዉት ያበቃ ነበር።

«ባህል ነው፣ አትንኩት» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እንዲህ የሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማዕዱ ላይ የተቀመጡት ናቸው። ውጭ የቆመው ሰው ሲጠየቅ አልሰማንም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሰዎች ሁሉ እኩል ናቸው ብሎ በአንቀጽ 25 ጽፏል፤ ሳህን ላይ ግን ፖሊስ አይቆምም። (አዲስ አበባ ያለነውም አንኩራራ። ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ ልጁን ያልከለከለ ሰፈር ስንት ነው?)

የከፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ አለን። ቡናውን፣ ማሩን፣ ጉሬዛውን ጭምር በፎቶ እንኮራበታለን። በዚያው ጫካ ዳር የሚኖረው፣ ከሰልና እንጨት ተሸክሞ ቦንጋ ገበያ የሚወርደው ሰው ግን ፎቶው ውስጥ የለም።

ስለዚህ ለጓደኛ ምርጫው የእኛ መስፈርት ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ገመዱን አይለቅም ወይ? የሚለው ነው። ሁለተኛው ወደ እናንተ ይዞራል፤ ማሩ ከወረደ በኋላ ገመድ ከያዘላችሁ ሰው ጋር በአንድ ሳህን ትበላላችሁ ወይ? ከፋ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ በሚመጣው የማር ሰሞን ማን ገመድ እንደያዘና ማን ከማን ጋር እንደበላ ጻፉልን።