ሁለት ልጅ፣ አንድ ጀርባ



ሰሞኑን ከመካከላችን አንዱ ወንድም ለአቂቃ ጠርቶን አዲስ ዓለም ሄደን ነበር። ሁለተኛ ልጁ ነው፤ የመጀመሪያዋ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ባለሁለት መቀመጫ የሕፃን ጋሪ ቆሟል። ሪያድ ያለችው እህቱ ናት የላከችለት። መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስና የታጠበ ልብስ ተቆልሎበታል። "አልሠራም እንዴ?" አልነው። "አንድ ቀን ልናወጣው ሞከርን፣ በበሩ አላልፍ አለ። ጎማውን ፈተን አወጣነው። ኮብልስቶኑ ላይ ልጁ ሲንቀጠቀጥ ስታይ እናቱ አንስታ አቀፈችው፤ እኔም ባዶ ጋሪ እየገፋሁ ተመለስኩ" አለን።

ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን አንድ ነገር ሁላችንም ውስጥ ቀረ። ጋሪው ካልሠራ ሁለቱን ልጆች ማን ነው የሚሸከማቸው? መልሱን እናውቀዋለን። አራሷ ናት። ትንሹ ደረቷ ላይ፣ ትልቋ ቀሚሷን ይዛ እያለቀሰች፣ በአንድ እጇ ደግሞ የገበያ ፌስታል። ያ ካልሆነ ከቤት አትወጣም። ብዙዎቹ እህቶቻችን ሁለተኛውን በወለዱበት ዓመት ዘመድ ጥየቃም፣ ደርስም፣ ተራዊሕም የቀረባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሪ ነውር ነው እያልን አይደለም። አስፋልት ዳር ደልዳላ ሰፈር ለሚኖር ጥሩ ነገር ነው። ግን ውጭ ያለ ዘመድ "ምን ልላክላችሁ?" ሲል ፎቶ አይተን "ይሄ ያምራል" ከማለታችን በፊት ሜትር ይዘን በራችንን እንለካ። ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከ70 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ የግቢያችን በርና የኪራይ ቤቶቻችን መግቢያ ስንት እንደሆነ ለክታችሁ እዩት። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው በጠባብ በር ያልፋል፣ ግን ረዥም ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ለማዞር ያስቸግራል። ጎማው ትንሽና ፕላስቲክ ከሆነ ለገበያ አዳራሽ ወለል እንጂ ለጎንደር ድንጋይ አልተሠራም፤ አየር የሚሞላ ትልቅ ጎማ ይሻላል። አራስ ልጅ ደግሞ አንገቱ ሳይጠና ቀጥ ባለ መቀመጫ አይቀመጥም፤ ቢያንስ አንደኛው መቀመጫ ጠፍጣፋ ሆኖ መዘርጋት አለበት። ፍሬኑን ሳትሞክሩ አትቀበሉ፤ ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ታጥፎ ባጃጅ ውስጥ ካልገባም መመለሻው በእግር ነው።

ይህን ሁሉ የሚያሟላ ካልተገኘ (ብዙ ጊዜ አይገኝም) እናቶቻችን መልሱን ከድሮ ጀምሮ ይዘውታል፤ አንቀልባ። ቅዳሜ ገበያ ቆማችሁ እዩ። ከወገራ፣ ከዳባት የምትመጣ እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ፣ ጋቢ ደርባበት፣ የትኛውም ጋሪ የማይወጣውን ዳገት ትወጣለች። እኛ የከተማ ልጆች ግን ቆዳው የገጠር ምልክት መስሎን እናፍርበታለን። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ በፒስ ኮር በኩል ቶጎ ስታገለግል የአፍሪካ እናቶች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያዝሉ አየች። አገሯ ተመልሳ ስትወልድ ያንኑ በጨርቅ ሠራችው፤ "ስኑግሊ" አለችውና እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣችበት። ዛሬ በዶላር ተገዝቶ ከውጭ ሲመጣልን የምንደሰትበት የልጅ ማዘያ ከዚያ ወዲህ የተስፋፋ ነው። አያቶቻችን ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ቆዳ ግን አቧራ ይጠጣል። (አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ትንሹን አንገቱ እስኪጠና ደረት ላይ ያዙት፤ ፊቱ ይታይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ፣ ጋቢው አፍንጫውን አይሸፍን።)

አንቀልባው ግን አንዱን ልጅ ነው የሚይዘው። ሁለተኛዋስ?

እዚህ ላይ ነው ወንድሞች እርስ በርስ መነጋገር ያለብን። ሐሰን በሒጅራ 3ኛው ዓመት፣ ሑሰይን ደግሞ በ4ኛው ዓመት እንደተወለዱ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ማለትም በፋጢማ (ረ.ዐ) ቤት አንድ ዳዴ የሚልና አንድ አራስ አብረው ነበሩ። ፋጢማ ወፍጮ እጇን አቁስሏት አገልጋይ ፍለጋ ወደ አባቷ ቤት እንደሄደች እናውቃለን። እነዚያን ሁለት ልጆች ታዲያ ማን ነበር የሚሸከማቸው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐሰንን ትከሻቸው ላይ አድርገው መታየታቸው ቡኻሪ ዘንድ ተዘግቧል። ኹጥባ ላይ እያሉ ሁለቱ ቀይ ልብስ ለብሰው እየተደናቀፉ ሲመጡ ከሚንበር ወርደው ሁለቱንም አንስተው ፊታቸው እንዳስቀመጧቸው አቡዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ከልጃቸው ከዘይነብ የተወለደችውን ኡማማን ተሸክመው ሶላት ሲያሰግዱ፣ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧት፣ ሲነሱ ያነሷት ነበር።

ይህ የሆነው ቤት ውስጥ ተደብቆ አይደለም። ሚንበር ላይ፣ ኢማም ሆነው፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። እኛ ግን ጺማችንን በሱንና እያሳደግን ከሚስታችን አሥር እርምጃ ቀድመን፣ እጃችንን ኪስ ከትተን እንሄዳለን። እሷ ከኋላ ሁለት ልጅ ይዛ ትደርስብናለች። ልጅ የታቀፈ ወንድ ስናይ ደግሞ "ሞግዚት ሆንክ?" ብለን የምንቀልደው እኛው ነን። ቀልዱን ትተን እንየው፤ በዚህ ቀልድ ስንት ወንድም ልጁን መንገድ ላይ ለመያዝ ያፈረ ይመስላችኋል?

አንዳንዱ "ቁርኣን መሸከምን ለእናት ነው የሰጠው" ይላል። ሱረቱ ሉቅማን ላይ አላህ የእናትን በድካም ላይ ድካም መሸከምና የሁለት ዓመት ጡት ማጥባቷን የሚያነሳው ውለታዋን እንድናውቅ ነው፤ እኛ እንድናርፍ አይደለም። ሱረቱል በቀራ ላይም ስለዚያው ሁለት ዓመት ሲናገር ምግቧንና ልብሷን በአባትየው ላይ ነው የጣለው። ልጅ ለማራራቅ የሚመካከሩ ባልና ሚስትም ከዚህ ብዙ ይማራሉ፤ ግን እሱ ሌላ ቀን ራሱን ችሎ ይመጣል።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ቅር ካላላቸው አንድ ነገር እንበል። ሁለት ልጅ ይዛ የመጣች እናት በሴቶች በኩል ባለው ደረጃ ላይ ስትቸገር ብዙ ጊዜ አይተናል። ደረጃው ጎን አንድ ሸርተቴ መተላለፊያ በሲሚንቶ መሥራት ለጀማዓው ከባድ ወጪ አይመስለንም፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ ወንድሞችና እህቶችም ይጠቀሙበታል።

ጋሪውን በተመለከተ፣ ያ ወንድማችን አዘዞ አስፋልት ዳር የሚኖሩ መንታ የወለዱ ዘመዶች አሉትና ለእነሱ ሊሰጠው ወስኗል። ለትንሹ አያትየው አንቀልባዋን አራግፋ አምጥታለች። ትልቋን ደግሞ ለሚቀጥለው ጁሙዓ እሽኮኮ አድርጎ መስጂድ ሊያመጣት ቃል አስገብተነዋል። ውዱእ ሲያደርግ ጫማዋን ይዘን የምንጠብቃት እኛ ነን።